«ቲቢው ነው የተመለሰብዎ» ብያቸው ነበር

በታኅሣሥና በጥር ከዳባት ወደ ደባርቅ በመኪና የተጓዘ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከየአውድማው የሚነሣውን ቢጫ አቧራ ሳያይ አያልፍም። ገብሱ ይወቃል፣ ስንዴው ይወቃል፣ ባቄላው ይወቃል። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ወንዶቹ በመንሽ ወደ ላይ ይበትናሉ፤ ነፋሱ እብቁን ይዞ ይሄዳል። እኔ ያደግኩት በዚያ አቧራ ውስጥ ነው። ልጆች ሳለን ገለባው ላይ ስንንከባለል ውለን ማታ አፍንጫችን ጠቁሮ፣ ጉሮሯችን ደርቆ እንገባለን። እናታችን «ምች እንዳይመታችሁ» ብላ ዳማከሴ አሽታ ታጠጣናለች።

ያ አቧራ በውስጡ ምን እንደያዘ በቅጡ የገባኝ ግን ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ካገለገልኩ፣ ጡረታም ከወጣሁ በኋላ ነው። ያስተማረኝ የታላቅ ወንድሜ ሳንባ ነው። በስምንት ዓመት ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» ነው የምላቸው። የሚኖሩት ከደባርቅ ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ገብስ አራሽ ናቸው። ከዓመታት በፊት ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው የስድስት ወሩን መድኃኒት አንድ ቀን ሳያጓድሉ ጨርሰው ድነዋል። እየተከታተልኩ ያስዋጥኳቸው እኔው ስለነበርኩ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ከውቂያ በኋላ፣ ሳሉ ተመለሰ። መጀመሪያ ደረቅ ነበር። ከዚያ ድካም መጣ፤ ከዚያ ልብሳቸው ሰፋቸው። አንድ ጠዋት አክታቸው ላይ ደም አዩና በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። ሳላመነታ «ጋሼ፣ ቲቢው ነው የተመለሰብዎ» አልኳቸው። አክታቸው ተመረመረ፤ የቲቢ ጀርም አልተገኘበትም። ድጋሚ ተመረመረ፤ የለም። ቢሆንም ምልክቱ ሁሉ የቲቢ ስለሚመስል፣ እኔም «ሠላሳ ዓመት ያየሁት በሽታ ነው» ብዬ ስለገፋፋሁ፣ መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረላቸው። ሁለት ወር ዋጡ፤ ደሙ አልቆመም። በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት የቡና ስኒ የሚሞላ ደም ተፉ። በነጋታው ጎንደር ወሰድናቸው።

ራጁን ያየው ወጣት ሐኪም የልጄ እኩያ ነው። «ሲስተር፣ ይህን ይመልከቱ» አለኝ። በቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ የድሮው ቲቢ በልቶ የተወው ጎድጓዳ ቦታ አለ። በውስጡ እንቁላል የሚያህል ክብ ነገር ተቀምጧል፤ ከበላዩ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ አየር ይታያል። በጎናቸው አስተኝተው እንደገና ሲያነሧቸው ክቡ ነገር ቦታውን ለውጦ ተገኘ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚንከባለል የፈንገስ ኳስ ነበር፤ ሻጋታ ማለት ነው። ቆይቶ እንጀራችን ላይ የሚወጣው ነገር ዘመድ።

አፈርኩ። ከዚያም ማንበብ ጀመርኩ። በተማርኩበት ዘመን ስለ ሳንባ ፈንገስ የተነገረን ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ያንኑም ለፈተና ሸምድደን ረስተነዋል።

የጋሼ ሻጋታ አስፐርጊለስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሚኬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1729። በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ካህናት ጠበል የሚረጩበትን ዕቃ መሰለውና የዚያን ዕቃ ስም ሰጠው። ቄስ ምን ጊዜም ቄስ ነው! ሻጋታውም እንደ ስሙ ነው፤ ዘሩን በአየር ላይ ይረጫል። እርጥብ ገለባ፣ የፍግ ክምር፣ ሳይደርቅ ጎታ የገባ እህል፣ ሁሉም ቤቱ ነው። ከተማም ይኑር ገጠር፣ ማንኛውም ሰው በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር የዚህን ሻጋታ ዘር ከአየር ጋር ይስባል። አውድማ ላይ የዋለማ ስንቱን እንደሚስብ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ሁላችን ለምን አንታመምም? የዛሬው ጽሑፌ ዋና ነገር ይኸው ነው።

አፍንጫችን ፀጉር ያበቀለው በከንቱ አይደለም፤ ትልልቁ አቧራ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ያመለጠው በአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ይጣበቃል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የገብስ ማሳ እየተወዛወዙ ፈሳሹን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ወይ እንተፋዋለን፣ ወይ ሳናውቀው እንውጠዋለን። የአስፐርጊለስ ዘር ግን በጣም ደቂቅ ናት፤ 400 ያህሏ በተርታ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ጥቂቶቹ እስከ መጨረሻው፣ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ። እዚያ ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ። አብዛኛውን ፈንገስ የሰው ገላ ሙቀት ይከብደዋል፤ ይህኛው ግን እስከ 50 ዲግሪ በሚግል የፍግ ክምር ውስጥ የኖረ ነው። የእኛ 37 ዲግሪ ለእሱ ምንም አይደለም።

በእነዚያ ከረጢቶች ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚዞር ዘበኛ አለ። ማክሮፌጅ ይባላል፤ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ነው። ዘሯን ሲያገኝ ገላውን ዘርግቶ ይከባታል፣ ይውጣታል፣ በአሲድና በኢንዛይም ይፈጫታል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፤ እኛ አውድማው ዳር ቆሏችንን እየቆረጠምን እንጫወታለን።

ዘበኛው ሌባውን በምን ይለያል? ይህን ሳነብ በጣም ገረመኝ። የተኛች የሻጋታ ዘር ቀጭን፣ ውሃ የማያስገባ ካባ ለብሳለች፤ ካባው ከዘበኛው ዓይን ይሰውራታል። ይህ የታወቀው በቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እርጥበትና ሙቀት አግኝታ ለብቅል እንደተነከረ ገብስ ማበጥ ስትጀምር ግን ካባው ይቀደድና ከሥር ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ይገለጣል። በሰው ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ማክሮፌጁ ደግሞ ይህን የሚጨብጥ እጅ አለው፤ ዴክቲን አንድ የሚሉት። ነካ ሲያደርገው «ባዕድ ገብቷል» ብሎ ያውቃል። (ገብስም የዚህ ስኳር ዘመድ አለው። የበሶ ወዳጆች አትደንግጡ፤ የሚበላው በሆድ በኩል ነው የሚያልፈው።)

ዘሯ ከዘበኛው አምልጣ ማቆጥቆጥ ከቻለች ነገሩ ይከብዳል። በሰዓታት ውስጥ ክር ታወጣለች፤ ክሩ ይረዝማል፣ ይቀጠላል። አንድ ሕዋስ ይህን ክር ሊውጠው አይችልም፤ ይበልጠዋልና። ያኔ ማክሮፌጁ በኬሚካል ጥሪ ያሰማል፤ ፈጥኖ ደራሾቹም ከደም ሥር እየሾለኩ ይደርሳሉ። ኒውትሮፊል ይባላሉ። የአጥንት መቅኔያችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል፤ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ያለማቋረጥ መተካት አለባቸው። ክሩ ላይ ተለጥፈው ከኦክስጅን የሠሩትን መርዝ ይለቁበታል፤ ከመርዞቹ አንዱ ልብስ ከምናነጣበት በረኪና ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከፊሎቹ ደግሞ የገዛ ዘረመላቸውን እንደ ዓሣ መረብ በጠላት ላይ ጥለው ይሞታሉ። ይህም የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቁስል ላይ መግል የምንለው አብዛኛው የእነዚህ ፈጥኖ ደራሾች ሬሳ ነው። ስንት ዓመት በጥጥ ስጠርገው ኖርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜ አላውቅም።

የሕዋሳትና የበሽታ ፍልሚያ በግልጽ የታየው በፈንገስ ላይ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሜችኒኮቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1884 ዳፍንያ የምትባል፣ በኩሬ የምትኖርና ገላዋ እንደ መስታወት የሚያሳይ ደቃቅ ፍጥረት በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። እንደ መርፌ የሾለ የፈንገስ ዘር አንጀቷን ወግቶ ሲገባ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከብበው ሲበሉት አየ። ሕዋሳቱ ካሸነፉ ትድናለች፤ ፈንገሱ ካሸነፈ ትሞታለች። በ1908 የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ። እኛ ዛሬ «በሽታ የመከላከል አቅም» የምንለው ትምህርት አንዱ ሥሩ ይህ ነው።

እንግዲህ ጥበቃው የሚጓደልበት መንገድ ብዙ ነው። ጥቂቶቹን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

አንዱ የሰው ማነስ ነው። የደም ካንሰር ያለባቸው ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ኒውትሮፊላቸው በጣም ሲቀንስ፣ ሻጋታው ከሳንባ አልፎ ወደ ደም ይዘልቃል። ሲወለዱ ጀምሮ ኒውትሮፊላቸው መርዙን መሥራት የማይችል ልጆችም አሉ፤ ሕዋሱ አለ፣ ይደርሳል፣ ይውጣል፣ ግን መግደያ የለውም። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ላይ አስፐርጊለስ ይበረታል።

ሌላው የአዛዥ መጥፋት ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸውን የሲዲ ፎር ሕዋሳት ዛሬ የማያውቅ የለም። እነዚህ ራሳቸው አይውጡም፤ የሚውጡትን ያዝዛሉ፣ ያነቃሉ። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ወጣቶች ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይመጡልን ነበር። ከእነዚህ ከፊሉ ኒሞሲስቲስ የተባለ የሳንባ ፈንገስ ያለባቸው መሆን አለባቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ድምፁ የማይሰማ ፈንገስ ነው። ኮትሪሞክሳዞል በየቀኑ እንዲወስዱ የምንሰጠው አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። «ይቺ ተራ ክኒን ምን ታደርግልኛለች?» ያለችኝን አንዲት እናት አስታውሳለሁ። መልሱን ያኔ እንደ ዛሬ አላውቀውም ነበር፤ «ዝም ብለሽ ዋጪ» ነው ያልኳት።

ሦስተኛው እኛው በእጃችን ዘበኛውን ማስተኛታችን ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት ስቴሮይዶች በቦታቸው ሕይወት አዳኝ ናቸው። ነገር ግን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ማክሮፌጁ የዋጠውን መግደል ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሕንድ ኮቪድ በበረታ ጊዜ፣ ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ የወሰዱ ብዙ ሰዎች ሌላ ዓይነት፣ «ጥቁር ፈንገስ» የተባለ ሕመም አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን በልቷቸው ነበር። ስለዚህ ጎረቤት «ለሳሌ ጥሩ ነበር» ብሎ ያካፈለንን ክኒን አንዋጥ። ይህን ስል የአስም ልጅ በሐኪም ታዞለት በአፍ የሚስበውን ፓፍ ይተው ማለቴ አይደለም። እሱ መጠኑ ትንሽ ነው፤ መቋረጥ የለበትም።

ጥበቃው አልፎ ተርፎ ሲቆጣም በሽታ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው የሻጋታ ዘር ሲስብ፣ ሕዋሳቱ ትንሿን ጠላት እንደ ጦር ሠራዊት ቆጥረው የአየር ቧንቧውን ያሳብጣሉ፣ በወፍራም አክታ ይሞሉታል። የልጅ ልጄ ያረጀ ጎታ ሲከፈት አጠገቡ ከቆመች ደረቷ ወዲያው ያፏጫል። ሌላም አለ። የሻገተ ገለባ ሲያገላብጥ የዋለ ገበሬ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፤ በማግሥቱ ይሻለዋል። «ምች መታኝ» ይላል። ወደ ገለባው ሲመለስ ይመለስበታል። ይህ የገበሬ ሳንባ የሚባለው ሕመም ነው። መንስኤው ሻጋታውና አብረውት በሞቃት ገለባ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በየዓመቱ እየተደጋገመ ከቆየ ሳንባውን ጠባሳ ያደርገዋል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የእሳቸው ሕዋሳት አልጎደሉም፣ አዛዥም አላጡም። ችግሩ ቦታው ነበር። ቲቢ በልቶ የተወው ጉድጓድ ግድግዳው ጠባሳ ነው፤ የደም ሥር እንደ ልብ አይደርስበትም። ፈጥኖ ደራሾቹ ደግሞ የሚመጡት በደም መንገድ ነው። አየር ይገባል፣ ከአየሩ ጋር ዘሯ ትገባለች፤ ጠባቂዎቹ ግን ከግድግዳው ወዲያ ቀርተዋል። ሻጋታው በሰላም አደገ፣ ክሩ ተጠቀለለ፣ ኳስ ሆነ። ሕዋሳቱም ዝም አላሉም፤ ግድግዳው ዙሪያ ተሰብስበው ያለማቋረጥ ይዋጋሉ። ቁጣቸው ግድግዳውን ያሳብጠዋል፣ እዚያም በቀላሉ የሚቀደዱ ስስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ያ ስኒ ሙሉ ደም የመጣው ከዚያ ነው።

ይህ ነገር ብርቅ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ከቲቢ ድነው ሳንባቸው ላይ ጉድጓድ የቀረባቸው 544 ሰዎች ተመርምረው፣ ከአራቱ በአንዱ ያህል ደም ውስጥ ገላው ለአስፐርጊለስ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። አገራችን ደግሞ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ከቲቢ ድኖ ጉድጓድ የቀረበት ገበሬ በየቀበሌው አለ። በዳባት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በያዘው የሕዝብ ጤና ክትትል፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ሰው ሲሞት ቤተሰቡን «ምን ምን ያመው ነበር?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልካም ሥራ ነው። ግን «ያስለው ነበር፣ ከሳ፣ ደም ተፋ» ከሚል የቤተሰብ ቃል ቲቢንና የፈንገስ ኳስን ማን ይለያል? እኔ ነርሷ እንኳ አልለየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በጣም አስጊ ካላቸው አራት ፈንገሶች አንዱ ይኸው አስፐርጊለስ ነው።

ስለዚህ ከቲቢ የዳነ አባት ወይም እናት ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ። ሳሉ ተመልሶ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ከከሱ፣ ደም ከተፉ፣ መጀመሪያ አክታው ይመርመር፤ ቲቢ ሊመለስ ይችላልና። ጀርሙ ካልተገኘ ግን «ራጅ ይነሣልን፤ የፈንገስ የደም ምርመራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐኪምም አይቀየምም። ፈንገሱ እንደ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሽማግሌውን ለብቻቸው አታስተኟቸው፣ ዕቃቸውንም አትለዩ። ደሙ በዛ ካለ ግን ማደር የለም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

ጋሼን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላቸው አስበው ነበር። ኳሱን ከነጉድጓዱ ማውጣት ሲቻል እሱ ነው ፍቱኑ፤ ነገር ግን የቀረው ሳንባቸው አልቻለም። ኢትራኮናዞል የተባለ ፀረ ፈንገስ ታዘዘላቸው፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይዋጣል። የቲቢውን መድኃኒት ቀድመው አስቆሟቸው። በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ኢትራኮናዞሉን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ይህንም እዚያው ነው የተማርኩት። አራት ወር ሙሉ ያለ ጥቅም ያስዋጥኳቸውን መድኃኒት ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። «ተይው፣ ሐኪም ሁሉ ይሳሳታል» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም እኮ፣ ጋሼ።

ደሙ ቆመ። ጥቂት ኪሎ ጨመሩ። ኳሱ ግን አለ፤ በየስድስት ወሩ ራጅ ይነሣሉ።

ቤተሰቡም ልማዱን ቀየረ። ገብሱ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ድረስ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ ጎታ አይገባም፤ እርጥብ እህል ነው ሻጋታ የሚያፈራው። ጎታ ሲከፈት ልጆቹ ውጭ ይወጣሉ። አውድማው ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭበታል። የሚያዘሩት ልጆች ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ፤ ከኮቪድ ዘመን የተረፈ ማስክ አፋቸው ላይ ያስራሉ። ነጠላ ትልልቁን አቧራ ይይዝ ይሆናል እንጂ የሻጋታን ዘር አያስቀርም። የሻገተ እንጀራም «እስቲ ይሸታል?» ተብሎ አይሸተትም፤ ይጣላል።

ባለፈው ጥር ውቂያው ላይ ነበርኩ። ጋሼን ከአውድማው ራቅ አድርገን፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ወንበር ሰጠናቸው። የልጅ ልጄን አጠገባቸው አስቀመጥናት። ማስኩን አፋቸው ላይ አድርገው ልጆቻቸውን ይቆጣሉ፤ መንሹን ከፍ አድርጉ፣ በሬውን አትምቱ። ልጅቷ ሆዳቸው ውስጥ ኳስ አለ ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች። «ሆዴ አይደለም፣ ደረቴ ነው» ይሏታል፤ «ዘበኞች በሩ ላይ ቆመው እያገሱ ነው፣ መግባት ነው ያቃታቸው።» ከእኔ የሰሙትን ነው። ትንሽ ቆየት ብለው ቀና አሉና ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ወደ ላይ አነሡ። «ሲስተር» አሉኝ፣ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ እንዲህ ነው የሚሉኝ፣ «ነፋሱ ዞሯል። ልጅቷን ይዘሽ ተነሺ፤ ወንበሬንም አንሺልኝ።»